«አየሁ» ማለትና ማየት

የሰማይ አካላትን መመልከት በሚወዱ ሰዎች ዘንድ ብዙ ዘመን የኖረ፣ ካሜራ እየረከሰ በመጣ ቁጥር ግን ድምፁ ከፍ እያለ የሄደ አንድ አባባል አለ። ባጭሩ ሲቀመጥ «በካሜራ የታየ ኔቡላ አልታየም» የሚል ነው። ሰው ዓይኑን በቴሌስኮፕ መመልከቻ ላይ አሳርፎ፣ ከሩቅ የመጣውን ብርሃን በገዛ ብሌኑ ካልተቀበለ በስተቀር ያየው ሰማዩን ሳይሆን የማሽን ሥራ ነው ይላሉ። በመስኮት ላይ የሚታየው ቀይ ደመናም በእነርሱ አስተያየት ከሲኒማ ጥበብ የማይለይ ማታለያ ነው። አባባሉ ሲሰሙት ያምራል፤ የቅንነት መዓዛም አለው። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ግን አባባሉን ለመቃወም ነው። ከማማሩ በስተጀርባ ሁለት ነገሮች ተሸሽገውበታልና፤ አንደኛው የሥነ ፈለክን ታሪክ መዘንጋት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰማዩን ለጥቂቶች ብቻ የማስቀረት ዝንባሌ ነው።

ክርክሩ ስለ ምን እንደ ሆነ በቅድሚያ ግልጽ ይሁን። ኔቡላ የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ጉም ማለት ነው፤ በከዋክብት መካከል ተንሰራፍቶ የሚገኘውን የጋዝና የአቧራ ክምችት ያመለክታል። በብሩህነቱ የታወቀው የኦሪዮን ኔቡላ ነው። በታኅሣሥና በጥር ምሽቶች ሦስት ከዋክብት በአንድ መሥመር ተሰድረው ሲወጡ ያላየ የአገራችን ሰው የለም ለማለት ይቻላል። ከእነርሱ ወደ ደቡብ በኩል እንደ ሰይፍ በተንጠለጠለው የፈዘዘ መሥመር መካከል ያለው ነጥብ ኮከብ አይደለም፤ ከ1,300 የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ የሚገኝ፣ አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱበት የጋዝ ደመና ነው። ዛሬ ማታ ዓይናችን የሚደርሰው ብርሃን ጉዞውን የጀመረው የአክሱም መንግሥት ኃይሉ እየደከመ በሄደበት ዘመን ገደማ ነበር። ይህ እንግዲህ ከብሩሆቹ ወገን ነው። በዚያው ሰፈር፣ ከሦስቱ ከዋክብት ከምሥራቃዊው አጠገብ፣ «የፈረስ ራስ» የሚባለው ኔቡላ አለ፤ እርሱን ልምድ ያለው ተመልካች እንኳ በትልቅ ቴሌስኮፕ፣ በልዩ ማጣሪያና ፍጹም በጨለመ ሌሊት ካልሆነ በቀር በዓይኑ አያገኘውም። ክርክራችን በጨረቃና በሳተርን ላይ ሳይሆን በእነዚህ ፈዛዞች ላይ ነው።

አሁን ደግሞ አባባሉን ከመጽሔት ገጽ አውርደን ወደ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ እናምጣው። አንድ ቴሌስኮፕ ተተክሏል፤ መቶ ተማሪዎች ተሰልፈዋል እንበል። ለእያንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ ቢደርሰው ሰልፉ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። ተማሪው ተራው ደርሶ ጎንበስ ሲል ዓይኑን የት ላይ እንደሚያደርግ አያውቅም። አንዱ የገዛ ሽፋሽፍቱን ያያል፤ ሌላው ጥቁር ክብ ያያል፤ ሦስተኛው መሣሪያውን በትከሻው ገፍቶ ኔቡላውን ከነአካባቢው ያባርረዋል። ከኋላ ሰልፈኛው ይገፋል። መምህሩ «አየህ?» ይላሉ። ልጁም «አዎን ጋሼ፣ አየሁ» ብሎ ይሄዳል። ከሰፈሩ የመጡ አንዲት እናት በሰው ተደግፈው ተመልክተው ቀና ሲሉ «እማማ፣ ታየዎት?» ቢባሉ «ታየኝ ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥህ» ይላሉ። ምን ታያቸው? ምንም። መልሱን የሰጠው ዓይን ሳይሆን ይሉኝታ ነው።

ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። የሳይንስ ትምህርት ለአንድ ሕፃን ሊሰጠው ከሚችለው ሁሉ የሚበልጠው ያላየውን አላየሁም ለማለት የሚያስችል ድፍረት ነው። እኛ ግን በዚያ ሌሊት፣ በዚያ ውድ መሣሪያ ፊት፣ መቶ ልጆችን አሰልፈን አስተማሪን ለማስደሰት መዋሸትን እናስተምራቸዋለን። የዓይን ብቻ ጠበቆች ይህን ሰልፍ አያነሡትም። እነርሱ የሚያስቡት በተራራ ራስ ላይ ብቻውን የተቀመጠ፣ ዓመታት የተለማመደ፣ ጊዜ የተረፈውን አንድ ተመልካች ነው። እርሱ በርግጥ ያያል። የሚያየው የእርሱ ነው፤ ከጎኑ ለቆመው ሰው ሊያካፍለው የሚችለው ቃሉን ብቻ ነው።

ለመሆኑ ዓይን ኔቡላን የማያየው ለምንድን ነው? ነገሩ የቴሌስኮፕ ማነስ ብቻ አይደለም። የዓይናችን ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ሁለት ወገን ናቸው። ቀለም የሚለዩት ብርቱ ብርሃን ይፈልጋሉ፤ በጨለማ የሚሠሩት ደግሞ ቀለም አይለዩም፤ ሙሉ ኃይላቸውን ለማግኘትም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በጨለማ መቆየት ያስፈልጋቸዋል። ከብርሃን ክፍል ወጥቶ ወዲያው የተሰለፈ ተማሪ ይህ ጊዜ የለውም። ከዚህም በላይ በጨለማ የሚሠሩት ሕዋሳት ይበልጥ የሚነቁት 507 ናኖሜትር አካባቢ ለሆነው አረንጓዴ ለቀመስ ብርሃን ነው። በኔቡላዎች ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ግን በብዛት የሚያመነጨው 656 ናኖሜትር የሚለካ ጥልቅ ቀይ ብርሃን ነው። ለዚህ ብርሃን የሌሊት ዓይናችን ዕውር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብርሃኑ አለ፤ ወደ ዓይናችን ገብቷል፤ ተቀባይ ግን አላገኘም። እንግዲህ «ቀዩ ቀለም ውሸት ነው» የሚለው ሰው ያልተረዳው ይህን ነው፤ ጉድለቱ ከሰማዩ ሳይሆን ከብሌናችን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ዓይን ብርሃንን ይዞ አያቆይም፤ የአንድ ሰከንድ አሥረኛ ያህል ጊዜ የተቀበለውን ይዞ ወዲያው ይለቀዋል። በእፍኙ ውኃ ቀድቶ ወዲያው እንደሚያፈስ ሰው ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ምንጭ አጠገብ ቢቆም እፍኙ ከእፍኝ አይበልጥም። ካሜራው ግን እንስራ አለው።

እንስራው የተሠራበት መንገድ ራሱ ታሪክ አለው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1969 በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ፣ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል ለውጦ የሚያጠራቅመውን ሲሲዲ የተባለውን ሰሌዳ ፈለሰፉ፤ ለዚህም በ2009 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ። ሲሲዲና ከእርሱ በኋላ የተስፋፋው ሲሞስ የተባለው ሰሌዳ ከፎቶግራፍ ፊልም ይልቅ እጅግ ንቁ ናቸው፤ የዛሬዎቹ ጥሩ ሰሌዳዎች ከሚደርሳቸው ብርሃን ከግማሽ በላዩን ይይዛሉ።

ተራው የቴሌቪዥን ካሜራ ግን ለፈዛዛ ኔቡላ አይሆንም ነበር። በአገራችንም በሚታወቀው የፓል ሥርዓት ካሜራው በሰከንድ 25 ሥዕል ስለሚያወጣ ለእያንዳንዱ ሥዕል የሚደርሰው ጊዜ ከሰከንድ 25ኛ እጅ አይበልጥም። መፍትሔው የመጣው ካልተጠበቀ ወገን ነው። የሱቅ በርና የባንክ ግቢ በሌሊት እንዲጠብቁ ከተሠሩት ካሜራዎች አንዳንዶቹ ጨለማ ሲበረታ ተከታታይ ሥዕሎችን በውስጣቸው ደምረው አንድ ብሩህ ሥዕል የማውጣት ችሎታ ነበራቸው፤ 128 ግማሽ ሥዕሎችን የሚደምር ካሜራ ለ2.56 ሰከንድ ብርሃን ያጠራቅማል ማለት ነው። ሌባ ለመጠበቅ የተሠራውን ዓይን አማተሮች ነቅለው በቴሌስኮፕ ጀርባ ላይ ገጠሙት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ይህ አሠራር «የቪዲዮ ሥነ ፈለክ» በሚል ስም ተስፋፋ፤ በካናዳ ማሊንካም የተባለው ካሜራ ለዚሁ ዓላማ ብቻ ይመረት ጀመር። የቴክኖሎጂ ታሪክ እንዲህ ያሉ ደስ የሚሉ ከድቶ መሄዶች ሞልተውታል።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ኮምፒዩተር ተረከበ። ካሜራው አሥር አሥር ሰከንድ የሚቆዩ ሥዕሎችን በተከታታይ ይልካል፤ ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ላይ ያሉትን ከዋክብት ለይቶ ሥዕሎቹን አንዱን በሌላው ላይ በትክክል ያነባብራል። እዚህ ላይ አንድ ቀላል የሒሳብ ሕግ ይሠራል። በመጀመሪያው ሥዕል ላይ እንደ አሸዋ የሚርመሰመስ፣ መሐንዲሶች «ጫጫታ» የሚሉት ብናኝ አለ። ብናኙ በየሥዕሉ ቦታውን ይቀያይራል፤ የኔቡላው ብርሃን ግን በአንድ ቦታ ይጸናል። ስለዚህ አራት ሥዕሎች ሲነባበሩ እውነተኛው ብርሃን ከብናኙ አንጻር በእጥፍ ይጎላል፤ መቶ ሲነባበሩ አሥር እጥፍ ይጎላል። እውነት የሚደጋገም፣ ሐሰት የሚለዋወጥ ነው በሚለው መርሕ ላይ የቆመ አሠራር ነው።

ይህን በአዳራሽ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር የተመለከተ ሕዝብ የሚያየው የተጠናቀቀ ፖስተር አይደለም። በመጀመሪያ ከዋክብትና አሸዋ ብቻ ይታያሉ። በሁለተኛው ደቂቃ ጥላ የመሰለ ነገር ይጠረጠራል፤ አንዱ «ያ ምንድን ነው?» ይላል፤ ሌላው «ምንም የለም» ይላል። በአምስተኛው ደቂቃ ክርክሩ ያበቃል። በአሥረኛው፣ ከቀይ ጭጋግ ፊት ለፊት ጥቁር የፈረስ ራስ አንገቱን አስግጎ ይቆማል። መቶው ተማሪ በአንድ ጊዜ፣ አንድ ነገር አይቷል። መምህሩ በጣታቸው ነክተው «ይህ ጥቁሩ ባዶ ቦታ ሳይሆን ከኋላው ያለውን ብርሃን የጋረደ አቧራ ነው» ሊሉ ይችላሉ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ለእኔ ፈረስ አይመስለኝም» ብትል ትችላለች፤ ተራዋን ጠብቃ ጎንበስ ብላ በሰው ግፊያ መካከል ልትለው የማትችለውን ነው።

«የቀድሞዎቹ ሊቃውንት በዓይናቸው ብቻ አልነበረምን?» የሚል ይኖራል። አዎን፤ ውጤቱንም እንመርምረው። በ1659 ክርስቲያን ሁይገንስ የኦሪዮንን ኔቡላ ንድፍ አሳተመ። ከእርሱ በኋላ የመጡት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሣሉ። ጆን ኸርሸል ከ1834 እስከ 1838 በአህጉራችን ደቡባዊ ጫፍ፣ በኬፕ፣ ተቀምጦ ያንኑ ኔቡላ እንደገና ሣለ። ሥዕሎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ከሌላው በእጅጉ ይለያል። ከዚህም የተነሣ «ኔቡላው ቅርጹን እየቀየረ ነውን?» የሚል ብርቱ ክርክር ለብዙ ዓመታት ቆየ። የተቀየረው ኔቡላው ሳይሆን ሠዓሊው ነበር፤ የአንዱ ዓይን፣ የሌላው እጅ፣ የሦስተኛው ቴሌስኮፕ ነበር። ሠዓሊዎቹን ለማሳነስ እንዳይመስልብኝ፤ በብርድ ሌሊት፣ በጭላንጭል ብርሃን፣ ያዩትን በእርሳስ ለማስፈር የደከሙ ሰዎች የንድፍ ሥራን ለሚያከብር ሁሉ ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን በሥዕሎቻቸው ላይ ሰማዩን ከሰውየው መለየት አልተቻለም።

ከዚህ የባሰም አለ። የሮስ መስፍን በአየርላንድ 1.8 ሜትር የሚያህል ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመለት፣ በዘመኑ ከዓለም ሁሉ የሚበልጥ ቴሌስኮፕ አሠሩ። በ1845 በዚህ መሣሪያ ኤም 51 የተባለውን አካል ተመልክተው ጠመዝማዛ ቅርጹን አገኙ፤ ይህ የዓይን ድል ነው፤ አይካድም። ወዲያው ግን ያው ትልቅ መሣሪያና ያው የሠለጠነ ዓይን የኦሪዮንን ኔቡላ በከዋክብት ተፈትቶ እንዳየው ተዘገበ። በዚያን ጊዜ «ኔቡላዎች ሁሉ የከዋክብት ክምችት ናቸው» የሚል አስተሳሰብ ነግሦ ነበርና ዓይን የተጠበቀውን አየ። በ1864 ዊልያም ሃጊንስ የኔቡላን ብርሃን በመነጽረ ኅብር በትኖ ሲመረምር ያገኘው የከዋክብት ብርሃን ሳይሆን የጋዝ ብርሃን ነበር። ከዓለም ትልቁ ቴሌስኮፕ ጋር የተጣመረ ዓይን፣ ጋዝ በነበረበት ከዋክብት አይቷል። እንግዲህ ከትምህርት ቤቱ ልጅና ከእማማ «አየሁ» ይህኛው በምን ይለያል? ይሉኝታ ለመምህር ብቻ ሳይሆን ለነገሠ አስተሳሰብም አለ።

ሄንሪ ድሬፐር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪምና አማተር መስከረም 30 ቀን 1880 ለ51 ደቂቃ ብርሃን ተቀብሎ የኦሪዮንን ኔቡላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶግራፍ አነሣ። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድሩ ኮመን በእንግሊዝ አገር በ37 ደቂቃ ያነሣው ፎቶግራፍ በዓይን ታይተው የማያውቁ ከዋክብትን ገለጠ። «በካሜራ የታየ አልታየም» የሚለው አባባል የዚያን ጊዜም ጊዜው አልፎበት ነበር።

የፈረስ ራስን ያገኘችውን ሴት ታሪክ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማለፍ አይገባም። ዊልያሚና ፍሌሚንግ በ1857 በስኮትላንድ ተወልዳ ወደ አሜሪካ ተሻገረች፤ ባሏ ነፍሰ ጡር ሳለች ጥሏት ስለሄደ በሃርቫርድ የሥነ ፈለክ ጣቢያ ኃላፊ በኤድዋርድ ፒከሪንግ ቤት በገረድነት ተቀጠረች። ኃላፊው ብልኅነቷን አይቶ ወደ ጣቢያው ሥራ አስገባት። በዚያ ዘመን ሌሊት በቴሌስኮፕ የሚሠሩት ወንዶች ነበሩ፤ ሴቶቹ ቀን ቀን የመስታወት ፎቶግራፎቹን እየመረመሩ ይመዘግቡ ነበር። በ1888፣ የኃላፊው ወንድም ዊልያም ፒከሪንግ በ90 ደቂቃ ባነሣው አንድ ሰሌዳ ላይ፣ ፍሌሚንግ ከደማቁ ኔቡላ ጠርዝ ገብቶ የቆረጠውን ግማሽ ክብ የመሰለ ጨለማ አየች፤ መጠኑንም ቦታውንም መዘገበች። ያ ጨለማ የፈረስ ራስ ነው። በ1895 በታተመው የኔቡላዎች ዝርዝር ላይ ግን ግኝቱ በፒከሪንግ ስም ገባ፤ የእርሷ ስም ቀረ። በ1908 ተከታዩ ዝርዝር ሲወጣ ነው እርሷና የሥራ ባልደረቦቿ ለግኝቶቻቸው ተገቢውን ስም ያገኙት።

አሁን የዓይን ብቻ ጠበቆችን እንጠይቅ፤ ዊልያሚና ፍሌሚንግ የፈረስ ራስን አላየችምን? ዓይኗን በመመልከቻው ላይ አላሳረፈችም። ብርሃኑ የወረደው በመስታወት ላይ እንጂ በብሌኗ ላይ አልነበረም። ሆኖም ከሰው ልጅ ሁሉ ቀድማ ያየችው እርሷ ናት። ካሜራ የሰውን ዓይን ከሥራ አላስወጣም፤ ቴሌስኮፕ አጠገብ እንድትቆም ያልተፈቀደላትን ሴት ዓይን ወደ ሥራ አስገባ እንጂ።

ከተቃዋሚዎቹ ነጥቦች በቁም ነገር ሊመለስለት የሚገባው አንድ አለ። «ሥዕሎችን ማነባበር፣ ማጉላት፣ ማጥራት ከተፈቀደ ወሰኑ የት ነው?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ማነባበሩን በአገራችን ቃል ደመራ ልንለው እንችላለን። ደመራ የሚቆመው ከየቤቱ በመጣ ችቦ ነው፤ እያንዳንዱ ችቦ ትንሽ ነው፤ አንዱም ግን ከሌላ ቦታ የተሰረቀ አይደለም። ካሜራው የሚደምረውም በዚያ ሌሊት፣ ከዚያ ኔቡላ፣ በዚያ ሌንስ የመጣ ብርሃን ነው። ጨምሮ ያስቀመጠው ጊዜን ብቻ ነው። ወሰኑ የሚጣሰው ፕሮግራሙ ካልመጣ ብርሃን መሥራት ሲጀምር ነው። በ2023 ስለ ጨረቃ ፎቶግራፎች የተነሣውን ጭቅጭቅ የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ አንድ ሰው ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ሥዕል በኮምፒዩተር መስኮት ላይ አሳይቶ በታወቀ የእጅ ስልክ ቢያነሣው፣ ስልኩ በሥዕሉ ላይ ያልነበሩትን ጉድጓዶችና ጠርዞች ጨምሮ አወጣ። ስልኩ ብርሃን አልደመረም፤ ከሌሎች ሥዕሎች የተማረውን ትዝታ ደመረ። ይህ በትክክል የሮስ ቴሌስኮፕ ስሕተት ነው፤ የሚጠበቀውን ማየት ነው። ዛሬ ለኔቡላ ሥዕል ማጥሪያ ተብለው ከሚሸጡት ፕሮግራሞች መካከልም በዚህ ወሰን ላይ የሚራመዱ አሉ። ስለዚህ ክርክሩ በዓይንና በማሽን መካከል አይደለም፤ የመጣውን በመቀበልና የሚጠበቀውን በመፈብረክ መካከል ነው፤ በዚህ ፍርድ ፊት ዓይንም ካሜራም እኩል ተከሳሾች ናቸው።

ከዓይን ብቻ ጠበቆች በተቃራኒ የቆመ፣ እኔ ግን ወንድማቸው ነው የምለው ሌላ ወገን አለ። ይህ ወገን የውበት ጌታ ነኝ ባይ ነው። አንዱን ኔቡላ ሃያና ሠላሳ ሰዓት ያነሣል፤ ከዚያ ሳምንት ሙሉ ተቀምጦ ያሳምራል፤ በአሥር ደቂቃ የወጣውን ሻካራ ሥዕል ሲያይ «ይህም ሥዕል ተብሎ?» ይላል። ትዕግሥቱን አደንቃለሁ፤ ንቀቱን ግን አልቀበልም። ሠዓሊ ወዳጆቼ ንድፍ ከተጠናቀቀው ሸራ የሚያንስ ሳይሆን ሌላ ሥራ የሚሠራ መሆኑን ያውቃሉ። የቪዲዮ ካሜራው ሥዕል ንድፍ ነው፤ ሲሠራ የሚታይ ነውና ማንም በስውር ሊነካካው አይችልም።

ቀለምን በተመለከተ ደግሞ ይህኛው ወገን ብዙ የሚጠየቀው አለ። በሚያዝያ 1995 በሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ የተነሡት የንስር ኔቡላ ዓምዶች በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ተለጥፈዋል። በዚያ ሥዕል ላይ የሃይድሮጅን ብርሃን በአረንጓዴ፣ የድኝ በቀይ፣ የኦክስጅን በሰማያዊ ነው የተመለከተው። ሊቃውንቱ ይህን ያደረጉት ጋዞቹን ለይቶ ለማሳየት ነው፤ አሠራራቸውንም አልደበቁም፤ የካርታ ሠሪ ቀለም ነው። ነገር ግን ሥዕሉ ማብራሪያው ተቆርጦ ሲሰቀል፣ ተማሪው ሃይድሮጅንን አረንጓዴ አድርጎ ይዞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በግቢው ካሜራ እውነተኛውን ቀይ ሲያይ የእርሱን ሌሊት እንደ ተበላሸ፣ ፖስተሩን እንደ ትክክል ይቆጥረዋል። «ካሜራ ይዋሻል» ለሚሉት ጠበቆች ጥይት የሚያቀብላቸው ይህ ቸልተኝነት ነው።

ዓይን የራሱ ድርሻ እንዳለው ደግሞ መካድ አይገባም። በኦሪዮን ኔቡላ ልብ ውስጥ ያሉትን አራቱን ከዋክብትና በዙሪያቸው የተዘረጋውን ክንፍ ባንድ ጊዜ በመያዝ ዓይንን የሚያህል የለም፤ ካሜራው ክንፉን ለማጉላት ሲል ልቡን አቃጥሎ ነጭ ጉድፍ ያደርገዋል። ሳተርንንና ጨረቃን በመመልከቻው ማየት የሚሰጠው ደስታም በመስኮት አይተካም። እነዚህ ብሩሆች ናቸውና ተማሪው «አየሁ» ሲል በእርግጥ አይቷል። ሰልፉ ለእነርሱ ይሁን።

ይህ ሁሉ ለእኛ ለምን ይጠቅመናል ለሚል፣ በመጀመሪያ አገራችን የተቀመጠችበትን ቦታ ይመልከት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ኦሪዮን በአናታችን አቅራቢያ ያልፋል። የለንደን ሰው ከቤቱ ከቶ የማያየው፣ ኸርሸል ለማየት ወደ ኬፕ የወረደለት የካሪና ኔቡላ፣ ለእኛ በመጋቢትና በሚያዝያ ምሽቶች በደቡብ አድማስ ላይ 21 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ ቀድሞ ኔቡላ ይባል የነበረው የአንድሮሜዳ ረጨት ደግሞ በኅዳር በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ይታያል። የደጋው ከፍታ ሲጨመርበት፣ የኤሌክትሪክ መብራት ያልደረሰበት የገጠር ትምህርት ቤት የከተማው ያጣው ሀብት አለው። (መብራቱ ሲደርስ አምፖሉን ወደ መሬት ማዞር ምንም ወጪ የለውም።) በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለው የምርምር ጣቢያ የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ ሰፊው ሕዝብ ግን ወደ እንጦጦ አይወጣም፤ መሣሪያው ነው ወደ ሕዝቡ መውረድ ያለበት።

የሚወርደውም መሣሪያ ዛሬ ቀሏል። በ2023 ለገበያ የወጣው ሲስታር የተባለው ትንሽ ቴሌስኮፕ የሌንሱ ስፋት 50 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ካሜራው፣ ባትሪውና ማጣሪያው በውስጡ ናቸው፤ በእጅ ስልክ ይታዘዛል፤ ኔቡላውን ራሱ ፈልጎ ያነባብራል። ሲወጣ ዋጋው 500 የአሜሪካን ዶላር ገደማ ነበር። ለነጋዴው ማስታወቂያ መሥራቴ አይደለም፤ ገንዘቡም ለአንድ ትምህርት ቤት ቀላል አይደለም። ለአንድ ወረዳ ግን፣ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከባህል አዳራሽ ወደ ባህል አዳራሽ ቢዞር፣ ለበዓል አዳራሽ ማስጌጫ ከሚወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም።

የባህል ሠራተኞችና የሥዕል መምህራን በበኩላቸው ዛሬውኑ ሊጀምሩት የሚችሉት አንድ ሥራ አለ። በኤግዚቢሽን አዳራሽ አንድ ሸራ ሲሰቀል ከሥሩ «ዘይት ቀለም በሸራ ላይ» ተብሎ ይጻፋል፤ ማንም ይህን የሠዓሊውን ክብር የሚቀንስ አድርጎ አይቆጥረውም። ከኔቡላ ሥዕሎችም ሥር እንዲሁ ይጻፍ። ስንት ሥዕል እንደ ተነባበረ፣ እያንዳንዱ ስንት ሰከንድ እንደ ቆየ፣ ምን ማጣሪያ እንደ ነበረ፣ ቀለሙ የብርሃኑ ይሁን የካርታ፣ ፕሮግራሙ ከመደመር ያለፈ ነገር ሠርቶ እንደ ሆነ ይገለጽ። ለምሳሌ፦ «የፈረስ ራስ ኔቡላ። 60 ሥዕል፣ እያንዳንዱ 10 ሰከንድ። የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ማጣሪያ። ቀለሙ እንደ መጣ። ሌላ የተጨመረ የለም።»